ለአባባ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ

ውድ አባባ፣

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እኔና ምራትዎ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ባለፈው በስልክ «ሥራ፣ ሥራ ብቻ! አገሩንስ አይታችሁታል?» ብለውኝ ነበር። መስመሩ እየተቆራረጠ በደንብ አልመለስኩልዎትም። ዘንድሮ አይተነዋል፣ አባባ።

እንደሚያውቁት እሷ የሌሊት ፈረቃ ናት፣ እኔ የቀን። አንድ ቤት እየኖርን የምንገናኘው በር ላይ ነበር። ብርዱ ሳይወጣ ገና «የትርፍ ሰዓቱ ገንዘብ ይቅርብን፣ ቅዳሜ የሁለታችን ትሁን» አለችኝ። ደስ እያለኝ እሺ አልኳት።

እዚህ ጸደይ የሚገባው በመጋቢት ነው። ሰፈራችን አጠገብ ስላይጎ ክሪክ የሚባል ትንሽ ወንዝ አለ፤ ግራና ቀኙ ጫካ ነው። ካውንቲው (የአካባቢው አስተዳደር) በጎ ፈቃደኞችን አሠልጥኖ ጫካውን ያስጠብቃል፤ እኛም ገባንበት። የጫካው ጠላት ሐረግ ነው። ለጌጥ ተብሎ ከአውሮፓ የመጣ፣ በብርድም ቅጠሉ የማይረግፍ ሐረግ። ዛፉን ከሥር እስከ ጫፍ እንደ ጋቢ ይጠቀለልበታል። ብርሃን ይከለክለዋል፤ ነፋስ ሲመጣ ደግሞ ክብደቱ ይጥለዋል። ባሕር ዛፍም ከውጭ የመጣ ነው፤ ግን ቤታችን የቆመው በእሱ ነው። ይኼ ሐረግ ለማገዶ እንኳ አይሆንም።

ዝም ብሎ አይነቀልም፣ የዛፉ ልጥ አብሮ ይላጣል። መጀመሪያ ከሥር ዙሪያውን ይቆረጣል። ከዚያ ትከሻ ጋ ይደገማል፤ መሃል ያለው በቀስታ ይላቀቃል። ላይ የቀረው በራሱ ጊዜ ይደርቃል። ምራትዎ ክንድ የሚያህለውን ሐረግ በትንሿ መጋዝ ስትገዘግዝ ቢያዩዋት! ግንዱ ግልጥ ሲል በመዳፏ ትዳብሰዋለች። አብረውን የሚሠሩ አንዲት ጡረታ የወጡ አሜሪካዊት አሉ፤ ሦስት ሦስት ቅጠል ያለውን ሌላ ሐረግ እንዳንነካ ያስተማሩን እሳቸው ናቸው። ቆዳ ላይ ሽፍታ ያወጣል፣ ያሳክካል። አሁን ምራትዎ የማትመጣበት ቅዳሜ ካለ «ልጄ ደህና ናት?» ብለው ይጠይቁኛል። እዚህ አገር እንዲህ የሚል ጎረቤት ማግኘት ትልቅ ነገር ነው።

ዋሽንግተን ወርደንም የቼሪውን አበባ አየን። ሰዉ አይጣል ነው፤ መኪና ማቆሚያ ስለማይገኝ በባቡር ነው የሄድነው። ዛፎቹን የሰጠችው የቶኪዮ ከተማ ናት። በ1910 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የተላኩት 2,000 ችግኞች ተባይና በሽታ ተገኘባቸውና ተቃጠሉ። ጃፓኖቹ ግን ሳይቀየሙ በ1912 ሌላ 3,020 ላኩ። ለዚህ ነው አባባ፣ ከአበባው በላይ ታሪኩን የወደድኩት። እርስዎ ውርጭ የመታውን ችግኝ ነቅለው በቦታው ሌላ ሲተክሉ ነው ያደግሁት።

ከሁሉም የሚወዱት ግን የፖቶማክ ወንዝን ፏፏቴ ነበር። ግሬት ፎልስ ይሉታል። ሁዳዴ ስለነበር ሱፍ ፍትፍትና ዳቦ ቆሎ ይዘን ሄድን። ውሃው ድንጋዩን እየመታ ሲወርድ ተጠጋግተን ካልሆነ አንሰማማም። ከጎኑ ወደ 297 ኪሎ ሜትር የሚሄድ የድሮ ቦይ አለ። በዚያ ዘመን የድንጋይ ከሰል የጫነውን ጀልባ የሚጎትቱት በቅሎዎች ነበሩ፤ እኛ የሄድንበት መንገድ የእነሱ ነው። ይኼን ሳነብላት ምራትዎ «አባባ ቢሰሙ!» አለች። ለመመለስ ማንም አልቸኮለም። መንገዱን ሙሉ ስናወራ፣ ስለ ሥራ አንድም ቃል አልተነሳም።

ፎቶዎቹን ለፋሲካ ወደዚያ በሚመጣ ሰው ልኬልዎታለሁ። የየቦታውን ስም ከጀርባው ጽፌበታለሁ። የጉልበትዎ ነገርስ እንዴት ሆነ? መድኃኒቱ ሳያልቅ ይንገሩን፣ በዚያው ሰው እንድንልክልዎ። ምራትዎ ጉልበትዎን ትስማለች።

ልጅዎ