እናቴ አስከሬን አይደለችም

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ባለፈው ሳምንት ስለ ስፔሻሊስት ሐኪሞች እጥረት ያወጣችሁትን ዘገባ እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ብዙው ደህና ነው። አንድ ቦታ ላይ ግን ደሜ ፈላ። «ፓቶሎጂስቶች፣ ማለትም የአስከሬን ምርመራ ሐኪሞች» ይላል። ዘጋቢው ይህን ብሎ ወደ ሌላ ጉዳይ አለፈ። እኔ ማለፍ አልቻልኩም።

ጠቤ ከዚያች «ማለትም» ጋር ነው። ፓቶሎጂስት ከሰውነት የተወሰደ ናሙና መርምሮ በሽታውን የሚለይ ሐኪም ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት እናቴ ጡቷ ላይ እብጠት ወጣባት። እዚህ ደሴ ያየቻት ሐኪም፣ በመርፌ ናሙና ይወሰድና ፓቶሎጂስት ይየው አለች። እናቴ ቃሉን የምታውቀው ከሬዲዮ ነው። ሰው ሞቶ ሲገኝና ፖሊስ ሲጠራ የሚነሳ ስም ነው ለእሷ። ቤት ገባች፣ ነጠላዋን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቃ ቁጭ አለች። «ገና ሳልሞት ለሬሳ ሐኪም ልትሰጡኝ ነው?» አለችን። ሰባት ሳምንት ለመንናት። እኔ ለመንኩ፣ ወንድሜ ለመነ፣ በመጨረሻ የነፍስ አባቷን አስመጣን። በእነዚያ ሰባት ሳምንታት እብጠቱ ዝም ብሎ አልጠበቀንም። እናንተ በግማሽ መስመር የጻፋችሁት ነገር እኛ ቤት ሰባት ሳምንት በልቷል።

አስከሬን የሚመረምሩ የሉም አላልኩም። አሉ፣ ከባድና የተከበረ ሥራ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ለረጅም ዓመታት ምኒልክ ሆስፒታል ስሙ ከዚሁ ጋር ሲነሳ ኖሯል። ግን ይህ የሙያው አንድ ክፍል ነው። አብዛኛው ፓቶሎጂስት ቀኑን የሚያሳልፈው በሕይወት ካለ ሰው በተወሰደ ናሙና ላይ ነው። ያ ሰው ደግሞ ውጭ ወንበር ላይ ተቀምጦ ውጤት እየጠበቀ ነው።

ሥራው እንዲህ ነው። ከሰውነት የተቆረጠው ሥጋ ፎርማሊን በሚባል፣ እንዳይበሰብስ በሚያደርገው ፈሳሽ ውስጥ ሆኖ ይመጣል። ውሃው ይወጣለትና ሰም ይጠጣል። ሰሙ ሲደርቅ በማሽን ይከተፋል፣ አንድ ሚሊሜትር ለሁለት መቶ ቢከፈል የአንዱ ቅጠል ውፍረት አንዷን ክፋይ ያህል ነው። ስላይድ የሚባል መስታወት ላይ ይቀመጥና በሮዝና በሐምራዊ ቀለም ይነከራል። ከዚያ ፓቶሎጂስቱ በማይክሮስኮፕ ያየዋል። «ካንሰር ነው» ወይም «አይደለም» የሚለው ቃል የሚወጣው ከእዚያ ክፍል ነው። ቀዶ ጥገና ሐኪሙ ሊጠረጥር ይችላል። የካንሰር መድኃኒት የሚያዘው ሐኪም ግን የፓቶሎጂስቱን የውጤት ወረቀት ሳያይ አይጀምርም። የካንሰሩ ዓይነት ምንድን ነው? ዳር ድረስ ተቆርጦ ወጥቷል ወይስ የቀረ አለ? የጡት ከሆነ ደግሞ የሆርሞን መድኃኒት ይሠራለታል ወይ? መልሱ ያለው እዚያው ነው።

ካንሰር ብቻም አይደለም። የወንድሜ ልጅ አንገቱ ላይ ንፍፊት ወጥቶበት ስንት ዓይነት ክኒን ዋጠ። በመጨረሻ በመርፌ የወሰደለትም፣ ያነበበለትም ፓቶሎጂስት ነው። የንፍፊት ቲቢ ሆነ። ስድስት ወር በነጻ ታከመ፣ ዳነ። ይህን ልጅ ያዳነውን ሰው ነው እናንተ የሬሳ ሐኪም ያላችሁት።

ሌላም ቅሬታ አለኝ። ዘገባችሁ የጠየቀው የአዲስ አበባ ሰዎችን ብቻ ነው። ከክልል ናሙና ተሸክመን የምንሄደው የለንበትም። የእናቴ የመርፌ ውጤት አጠራጣሪ ሆነና ከእብጠቱ ቁራጭ ተወሰደ። ዕቃውን ለወንድሜ ሰጡት፣ አዲስ አበባ አድርስ ተባለ። አራት መቶ ኪሎ ሜትር ጉልበቱ ላይ አድርጎ በአውቶቡስ ወሰደው። ላብራቶሪው ከፍቶ አየውና «ተበላሽቷል» አለ። ለካ የተቀመጠው ፎርማሊን ውስጥ ሳይሆን ጨዋማ ውሃ ውስጥ ነው። እናቴ እንደገና ተቆረጠች። «ፎርማሊን ነው ወይ? ሥጋውን በደንብ ይሸፍነዋል ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ከመሃላችን አልነበረም። ማን ነገረን? እናንተ ያን ሁሉ ቦታ ይዛችሁ አልነገራችሁንም።

ስለዚህ እኔ ልንገር። ፓቶሎጂስት ለማግኘት ብዙውን ጊዜ ራሳችሁ በር አታንኳኩም፣ የሚልካችሁ ያያችሁ ሐኪም ነው። ጥቁር አንበሳ፣ ጳውሎስ፣ ጎንደር፣ ጅማ፣ ሐዋሳ፣ እነዚህ የሚያስተምሩት ትልልቅ ሆስፒታሎች ጋ አሉ። በትልልቅ ከተሞች የግል ላብራቶሪዎችም ይሠራሉ። ሐኪማችሁን ናሙናው የት እንደሚላክ፣ ማን እንደሚያነበውና ውጤቱ በስንት ቀን እንደሚደርስ ጠይቁት። ዕቃው ላይ የታማሚው ስም መጻፉን፣ ቀኝ ወይም ግራ መባሉን በዓይናችሁ እዩ። የውጤቱ ወረቀት ላይ ያነበበው ፓቶሎጂስት ስምና ፊርማ ይኑር። በሰም የተያዘው ሥጋ ብሎክ ይባላል፣ ወዲያው አይጣልም። ጥርጣሬ ካላችሁ ብሎኩንና ስላይዱን አስወጥታችሁ ለሌላ ፓቶሎጂስት ማሳየት ትችላላችሁ። እኛ ይህን ያወቅነው ሁለተኛው ቁስል ከዳነ በኋላ ነው።

የእናቴ ሁለተኛ ናሙና በደንብ ተነበበ። የሆርሞን መድኃኒት የሚሠራለት ዓይነት ሆነ። ቀዶ ጥገናዋን ጨርሳ ዛሬ በየቀኑ አንድ ክኒን ትውጣለች። ቡናዋን ራሷ ትቆላለች። ያን ውጤት የፈረመውን ሐኪም በዓይኗ አይታው አታውቅም፣ ግን በጸሎቷ ስሙን ትጠራዋለች።

እባካችሁ እርማት አውጡ። ዘገባው ሥር በትንንሽ ፊደል ሳይሆን፣ ስሕተቱ በወጣበት ቦታ ይውጣ። እናቴ ዓይኗ ስለደከመ ዜናውን የማነብላት እኔ ነኝ። ያንን መስመር ዘልዬባታለሁ፣ እርማቱን ግን ጮክ ብዬ ላነብላት እፈልጋለሁ።

አንባቢያችሁ
ከደሴ