ጠቆር ያለ ዲስክ ሁሉ የሕመም ምክንያት አይደለም

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

ስለ ወገብ ሕመም ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። አብሮት የወጣው የኤምአርአይ ምስል ግን አሳስቦኛል። የጠቆረ ዲስክ (በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ትራስ መሰል ክፍል) በቀይ ቀስት ተጠቁሞ ከሥሩ «የሕመሙ መንስኤ» ተብሏል። እንዲህ ያለ ምስል ስታወጡ፣ በዚያው ዕድሜ ያለ፣ ምንም የማያመው ሰው ምስልም ከጎኑ ይውጣ። አንባቢ ሁለቱን መለየት ሊያቅተው ይችላል።

የጤነኛ ዲስክ መሐል ውሃ የቋጠረና ዝልግልግ ነው። ቲ2 በሚባለው የኤምአርአይ ምስል ላይ ውሃ ያለበት ቦታ ነጣ ብሎ ይታያል። ዕድሜ ሲገፋ ውሃውን የሚይዘው ፕሮቲዮግላይካን የተባለ ንጥረ ነገር እየቀነሰ ይሄዳል። ነጭ የነበረው መሐል መጀመሪያ ግራጫ፣ ከዚያ ጥቁር ይሆናል። በመጨረሻ ዲስኩ ራሱ ይሳሳል። ተራ ራጅ የውሃውን መቀነስ አያሳይም፤ በዋናነት የሚታየው በአጥንቶቹ መካከል ያለው ክፍተት መጥበቡ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው የፕፊርማን መለኪያ የዲስክን ማርጀት በአምስት ደረጃ የሚመድበው ይህንኑ የኤምአርአይ ምስል አይቶ ነው።

ብዙ ያስተማሩን ግን የማያማቸው ሰዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1994 በታተመ አንድ ጥናት ወገባቸውን የማያማቸው 98 ሰዎች ተመርምረው፣ 52 በመቶዎቹ ቢያንስ አንድ ወጣ ያለ ዲስክ ተገኘባቸው። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ 33 ጥናቶች አንድ ላይ ታይተው ነበር። ሕመም ከሌላቸው የ20 ዓመት ወጣቶች 37 በመቶ ያህሉ፣ ከ80 ዓመት አዛውንቶች ደግሞ 96 በመቶው የዲስክ ማርጀት ምልክት አላቸው። ምስሉ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። ዕድሜያቸው ከ50 ያልዘለለ ሰዎች ላይ ይህ ምልክት የሚያማቸው ዘንድ በዝቶ ይታያል። ስለዚህ ምስሉ ከታማሚው ምልክትና ከሐኪሙ ምርመራ ጋር ይነበብ።

ውጤቱን ብቻ ያነበበ ሰው «ዲስኬ አለቀ» ብሎ ይደነግጣል። መጎንበስ ይፈራል፣ እንቅስቃሴ ያቆማል፣ ጡንቻው ይደክማል። ይህ በጣም ያሳዝነኛል፤ አብዛኛው የወገብ ሕመም እየተንቀሳቀሱ የሚሻል ነውና። በውጤቱ ላይ «ይህ ምልክት ሕመም በሌላቸው የዕድሜ እኩዮችዎም በብዛት ይታያል» የሚል ዓረፍተ ነገር ቢጨመር ምን ይጎዳል? እ.ኤ.አ. በ2020 ውጤቱ የታተመ ትልቅ ሙከራ ይህን ሞክሮታል። የሕክምና ምልልሱን በአጠቃላይ አልቀነሰውም። ኦፒዮይድ የሚባሉት ጠንካራ ማስታገሻዎች ትእዛዝ ግን በጥቂቱ ቀንሷል። ለእኔ ይህም ትንሽ ነገር አይደለም።

አንድ ነገር ግን ሳይጻፍ እንዳይታለፍ እለምናለሁ። ከወገብ ሕመም ጋር ሽንቱን ወይም ሰገራውን መቆጣጠር ያቃተው፣ እግሩ እየሰነፈ የሄደ፣ ብሽሽቱና መቀመጫው አካባቢ የደነዘዘ ሰው ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ይሂድ። ለእሱ ኤምአርአይ አስቸኳይ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የራዲዮሎጂ ባለሙያ