ድንጋዩን አትንካው

ልጄ፣ እንደምን ከረምክ? ጋቢው ደረሰህ? የመንዝ ብርድ አይቻልምና ሌሊት ስትነዳ ደርበው።

ከገበያ የመጡ ሰዎች አንድ ነገር ነገሩኝ። አያትህ አገር ካለው ከፈረሰው ቤተ ክርስቲያን ጥርብ ድንጋይ በአይሱዙህ እየጫንክ ለሰው ቤት መሠረት ታመላልሳለህ አሉኝ። እውነት ከሆነ ዛሬውኑ አቁም። ድንጋዩን አትንካው።

«ፍርስራሽ ነው፣ ማን ይፈልገዋል?» ትል ይሆናል። እኔ እፈልገዋለሁ! አያትህ ግራኝ ያቃጠለው ነው እያለ ነው ያሳደገን። በ1521 ዓ.ም. የልብነ ድንግል ጦር ሽምብራ ኩሬ ላይ ከተሸነፈ በኋላ ስንት ደብር ነደደ። ደብረ ሊባኖስ በ1523 ሐምሌ ተቃጠለ። መነኮሳቱ እሳቱ ውስጥ ራሳቸውን እንደጣሉ የግራኝ ታሪክ ጸሐፊ ዐረብ ፈቂህ ራሱ ጽፎታል። የእኛ ደብር ግን ጸሐፊ አላገኘም። ያለው ምስክር ያ ድንጋይ ብቻ ነው።

ልጅ ሆኜ አባቴ አንድ የመስኮት ድንጋይ ያሳየኝ ነበር። መስቀል ተቀርጾበታል፤ አንዱ ክንዱ በእሳት ጠቁሯል። በጣቴ ዳር ዳሩን እከተለው ነበር። አንድ ዓመት ከክረምት በኋላ ስንሄድ የለም። የአንዱ ቤት ደፍ ሆኗል ተባለ። አባቴ በየሰዉ ደጅ ጎንበስ እያለ ፈለገው፤ አላገኘውም። እስኪሞት ድረስ ሰው ቤት ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው ደፉን ነበር። አንጀቴን ይበላኛል እስከ ዛሬ።

ደግሞ ድንጋዩ ሲነሣ ከሥሩ ያለው ከሰል ይበተናል። ባለሙያዎች ቤቱ መቼ እንደነደደ የሚያውቁት በዚያ ከሰል ነው። ሕጉም አለ፣ የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209/1992። ክርስቲያን እስላም ሳትል ነው የምነግርህ፤ ኢፋት ቆላ ያለው የኖራ መስጊድ ፍርስራሽም ቢሆን አትንካ!

አሁን እንዲህ አድርግ። የሰውየውን ገንዘብ መልስለት፤ ከጎደለህ እኔ እሞላልሃለሁ። ያልተገነባበትን ድንጋይ አንድ ቦታ አስቀምጥና ፎቶ አንሣው። ከየት ከየት እንዳነሣኸው ሳትረሳ ጻፍ። በራስህ ፈቃድ መልሰህ እንዳትደረድረው፤ ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት አሳውቅ። የቀረውን ግን አትንካው፣ የኔ ጌታ።

እሁድ እደውላለሁ፣ ስልክህን ክፈት። ጣርማበርን ከመውረድህ በፊትም ፍሬንህን አሳይ።

እናትህ