ደብዳቤ ለልጄ፦ በእጅሽ ሳትይዢው እንዳትከፍዪ

የኔ ልጅ፣

እንኳን ለ13ኛ ዓመት ልደትሽ አደረሰሽ። ይህን ደብዳቤ ስለ አንቺ ብቻ ልጽፈው ነበር፤ ስለ ቁመትሽ፣ ስለ ሳቅሽ፣ ስለ ናፍቆቴ። ትናንት ማታ ግን ወንድምሽ ደውሎ፣ ያጠራቀምሽውን ገንዘብ በሙሉ በፎቶ ብቻ ላየሽው ያገለገለ ቤዝ ጊታር ልትሰጪ ቃል እንደገባሽ ነገረኝ። እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። የከነከነኝ ቤዝ መውደድሽ አይደለም፤ እሱማ ደስታዬ ነው። በእጅሽ ሳትይዢው እንዳትከፍዪ። ሌላውን ሁሉ ብትረሺ ይህቺን ያዢልኝ።

«ሻጩ ቪዲዮ ልኮልኛል፣ ድምፁን ሰምቼዋለሁ» ብለሽዋል አሉ። ልጄ፣ የቤዝ ወፍራሙ ክር ሳይያዝ ሲመታ በሰከንድ 41 ጊዜ ያህል ነው የሚርገበገበው። የስልክ ስፒከር እዚያ ድረስ አይወርድም። በስልክ የሰማሽው የላይ የላዩን ነው፤ ቤዙን ገና አልሰማሽውም።

ቁም ሳጥኑ ላይ ያለውን ጥቁር ባዶ የጊታር ቦርሳ ታውቂዋለሽ። የማን እንደሆነ በጠየቅሽኝ ቁጥር «የድሮ ነው» እያልኩ አልፌሻለሁ። የእኔ ነው። ሃያ ዓመቴ ላይ ቀይ ቀለሙን ብቻ አይቼ፣ አንዴ እንኳ ሳልሞክረው ቤዝ ገዛሁ። ክሮቹ ከፍሬቶቹ፣ አንገቱ ላይ በአግድም ከተደረደሩት ቀጫጭን ብረቶች፣ በጣም ርቀው ቆመዋል። አንዷን ድምፅ ለማውጣት አንገቱን ከኋላ በአውራ ጣቴ እስኪያመኝ መጭመቅ ነበረብኝ። የሌባ ጣቴ ቆዳ ተልጦ ደም ያዘ። ማታ ማታ እጄን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ እነክር ነበር። ስምንት ወር ታገልኩት። በመጨረሻ «ጣቴ ለሙዚቃ አልተፈጠረም» ብዬ ለጓደኛዬ ሸጥኩለት፤ ቦርሳው ቀረ።

ከዓመት በኋላ ያው ጓደኛዬ መድረክ ላይ ሲጫወትበት አየሁ። ከድምፅ ማዞሪያዎቹ አጠገብ እኔ የጫርኩት ጭረት ስላለ ወዲያው ለየሁት። ሲወርድ ለምኜ ያዝኩት። የሌባ ጣቴን ክሩ ላይ ሳሳርፍ ድምፁ ያለ ምንም ትግል መጣ። «ምን አደረግኸው?» ስለው፣ አንገቱ ጎብጦ ነበር፣ ባለሙያ በቁልፍ አቃናልኝ፣ ክሮቹንም ድልድዩ ላይ፣ አካሉ ላይ በሚያርፉበት ብረት፣ ዝቅ አደረጋቸው አለኝ። ይኸው ነው። አንድ ዓመት ጣቴን ስረግም የኖርኩት ለዚህ ነው።

እሱ ብቻ ቢሆን ባልጻፍኩልሽ። ወንድምሽ ዘጠኝ ዓመቱ ሳለ ጊታር ልማር ብሎኝ ነበር። «የእኛ ቤት ጣት ለሙዚቃ አይሆንም» አልኩት። እውነቱን እያወቅኩ፣ አፌ ስለለመደው ብቻ። ልጅ ነውና አመነኝ፤ ዳግመኛም አልጠየቀኝ። አንቺ ግን እጅሽን ሲያምሽ፣ ድምፁ አልወጣ ሲልሽ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው መሣሪያው ነው፤ ጣትሽ አይደለም።

ስለዚህ ሄደሽ ያዢው። ቁሚና በማንገቻው አንግተሽ ግራ እጅሽን ልቀቂ። ክሮቹ የሚጠመዘዙበት የአንገቱ ጫፍ ወደ መሬት ከተደፋ፣ በተጫወትሽ ቁጥር ያን ክብደት የምትሸከመው ግራ እጅሽ ናት። ከዚያ አንገቱን እንደ ጠመንጃ አነጣጥረሽ በቁመቱ እዪው። ወፍራሙን ክር 1ኛው ፍሬት ላይና መጨረሻው ፍሬት ላይ ተጫኚና፣ 7ኛው አካባቢ ያለውን ክፍተት ወንድምሽ ይመልከት። የስም ካርድ ውፍረት ያህል ከሆነ ደህና ነው። ትንሽ ቢሰፋም አንገቱ ውስጥ ያለው ብረት ይስተካከላል። አንገቱ ከተጣመመ ግን፣ ማለት በአንድ በኩል ወደ ላይ በሌላው ወደ ታች ከዞረ፣ በነፃ ቢሰጡሽም ተዪው።

አራቱንም ክሮች ፍሬት በፍሬት ተጫኚ፤ ሻጩ ቢሰለች ይሰልች። 12ኛው ፍሬት ላይ ክሩን ሳትጫኚ ነካ አድርገሽ ምቺው፣ ቀጥሎ ተጭነሽ ምቺው፤ ድምፅ በሚለካው የመቃኛ መሣሪያ ላይ ሁለቱ አንድ ድምፅ ማሳየት አለባቸው። አምፕ ላይ፣ ማለት ድምፅ ማጉያው ላይ፣ ሰክተሽም የድምፅ ማዞሪያዎቹን አዙሪያቸው።

ባለ አምስት ክሩ ይቅርብሽ፤ አራቱ ይበቁሻል። «አጭሩ ቤዝ የልጅ መጫወቻ ነው» ማለትሽንም ሰምቻለሁ። የተለመደው ቤዝ የክሩ ርዝመት 34 ኢንች ነው፤ አሜሪካዊው ጊታር ሠሪ ሊዮ ፌንደር እ.ኤ.አ. በ1951 ካወጣው ወዲህ መለኪያ ሆኖ ቀረ። የተሠራው ግን በአንቺ ክንድ ልክ አይደለም። 30 ኢንቹን ያዢ፣ 1ኛውን ፍሬት ትከሻሽ ሳይሳብ ትደርሺበታለሽ። የቢትልሱ ፖል ማካርትኒ እ.ኤ.አ. በ1961 ጀርመን፣ ሀምቡርግ የገዛው ሆፍነር የተባለ ቤዝ 30 ኢንች ነበር፤ ከመረጠበት ምክንያትም አንዱ ርካሽነቱ ነው። ስኳየር ብሮንኮ የሚባለውን ቤዝ ሞክሪ፤ እሱም 30 ነው። አይባኔዝ ሚክሮ ከዚያም ያንሳል፣ 28.6። የቀለሙን ነገር ለመጨረሻ አቆዪው።

ገንዘብሽንም ሁሉ ቤዙ ላይ አታፍስሺ። ሲሶውን አስቀሪ፤ አምፕ አለ፣ ገመድ አለ፣ ማንገቻ አለ፣ አዲስ ክርና የባለሙያ ማስተካከያ አለ። የሊድ ጊታር ትንሽ አምፕ ተበድረሽ ድምፁን ከፍ አድርገሽ እንዳትጫወቺበት፤ ስፒከሩን ታበላሺዋለሽ። የምትገዢው አምፕ የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያ ይኑረው፣ እናትሽ ማታ ማረፍ አለባት። ቤዙ ባለ ባትሪ ከሆነ ተጫውተሽ ስትጨርሺ ገመዱን ንቀዪ፤ ተሰክቶ ካደረ ባትሪው ያልቃል።

«ቃል ገብቻለሁ» እንዳትይኝ። ሻጩን ልይና ልወስን በይው። አላሳይም፣ አስቀድመሽ ላኪ ካለሽ ነገሩ እዚያው ያበቃል። ብትቆጪም፣ ብታለቅሺም፣ በእጅሽ ሳትይዢው እንዳትከፍዪ። ሌላ ይገኛል። የጎደለሽን እኔ እሞላልሻለሁ፤ ይህን እንደ ልደት ስጦታዬ ቁጠሪው።

ቅዳሜ ወንድምሽን ይዘሽው ሂጂ። አንቺ መርምረሽ ስትጨርሺ ቤዙን እሱ ትከሻ ላይ አንግቺለት። ምንም አትበዪው፣ እንዲጫወትም አትለምኚው፤ የፈለገውን ያህል ይያዘው። ማታ ደውሊልኝና ምን እንዳደረገ ንገሪኝ።

አባትሽ