የግራው ፍሊፐር ለምን ደከመ?

ይድረስ ለልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኛ ደህና ነን። ዘንድሮ የማርቆስ ብርድ በርትቷል፤ እናትሽ ማታ ማታ ከእሳት ዳር አትለይም።

ባሕር ዳር ለከፈትሽው ጌም ቤት ስለገዛሽው አሮጌ ፒንቦል፣ ስለዚያ የኳስ መጫወቻ ማሽን፣ ሳስብ አደርኩ። የግራው ፍሊፐር፣ ያ መምቻው ክንድ፣ ኳሷን ወደ ላይ ማድረስ አቅቶታል አልሽኝ። ባለሙያውም ክንዱን የሚያንቀሳቅሰውን የሽቦ ጥቅል አይቶ «ኮይሉ አልቆለታል፣ ይቀየር» ብሎሻል። እባክሽ ብር ከማውጣትሽ በፊት ትንሽ ታገሺ።

እኔ በወጣትነቴ እዚሁ አንድ ቡና ቤት የነበረ ፒንቦል እጠግን ነበር። አንድ ቀን ኮይሉ ተቃጥሎ አገኘሁትና ቀየርኩት። በሳምንቱ አዲሱም ነደደ። ያ የተቃጠለ ሽቦ ሽታ እስከ ዛሬ ከአፍንጫዬ አልወጣም። ጥፋቱ ከኮይሉ አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮይሉ ላይ ሁለት ዓይነት ሽቦ ተጠምጥሟል። ወፍራሙ ይመታል፤ ቀጭኑ ደግሞ በማሽኑ ጎን ያለውን ቁልፍ ተጭነሽ እስከያዝሽ ድረስ ክንዱን ደግፎ ያቆየዋል። ወፍራሙ ብዙ ከረንት ስለሚስብ ሥራው የቅጽበት ነው። ክንዱ ጫፍ ሲደርስ ሁለት ስስ የብረት ምላሶችን ያላቅቃል፤ ያኔ ወፍራሙ ያርፋል። ምላሶቹ ካልተላቀቁ ኮይሉ ይቃጠላል። የሚነካኩበት ነጥብ፣ የምስር ፍሬ የምታህለው፣ ከጠቆረች ደግሞ ከረንቱ በደንብ አያልፍም፤ ክንዱም ይደክማል። የአንቺም ሕመም ይሄ ይመስለኛል። በአዳዲሶቹ ማሽኖች ይህን የሚቆጣጠረው ኮምፒውተር ነው፤ ያንቺ ግን የድሮው ነው።

መጀመሪያ ሶኬቱን ንቀይ። ይህን እንዳትረሺ፣ አደራ! ከዚያ ኳሷ የምትሮጥበትን ሰሌዳ አንስተሽ ክንዱን በእጅሽ ግፊው። መጨረሻው ላይ ምላሶቹ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር መራራቅ አለባቸው። ካልተራራቁ በፒንሳ ቀስ አድርገሽ አጉብጪያቸው። ነጥቦቹን በትንሽ ሞረድ አንድ ሁለቴ ብቻ ጥረጊያቸው። የጎን ቁልፉንም ምላሶች እዪ። ሰሌዳው ላይ ያሉትን ሌሎቹን ስስ ምላሶች ግን በሞረድ እንዳትነኪ፤ ሽፋናቸው ይላጣል።

ኮይሉን ካልተማመንሽው በምላሶቹ መሃል ወረቀት አስገብተሽ በቴስተር ለኪው። ወፍራሙ ብዙውን ጊዜ 4 ኦም አካባቢ፣ ቀጭኑ ከ100 በላይ ያነባል። ከቀኙ ፍሊፐር ኮይል ጋር አስተያዪው።

ክንዱ በእጅሽ ስትገፊው ከያዘሽ ግን ችግሩ ሌላ ነው። ኮይሉ ውስጥ የሚመላለሰው ብረት ጫፉ በምት ብዛት እንደ ችንካር አናት ተደፍጥጦ ይሆናል፤ ወይም ብረቱ የሚመላለስበት የፕላስቲክ ቱቦ አልቋል። ቱቦው ርካሽ ነው፣ ቀይሪው። ዘይት ግን ጠብ እንዳታደርጊበት፤ አቧራ ይሰበስብና እንደ ሙጫ ይይዘዋል።

ትንሿን ሞረዴን ማክሰኞ ወደዚያ በሚመጣው አጎትሽ እልክልሻለሁ። እናትሽ ከቆሎው ጋር ጠቅልላታለች። ከሞከርሽው በኋላ ማታ ደውዪልኝ፤ ስልኩን ወደ ማሽኑ አስጠጊና የምቱን ድምፅ አሰሚኝ።

አባትሽ፣ ከደብረ ማርቆስ