ግልጽ ደብዳቤ ለእንግሊዝ ጤና ሚኒስቴር፦ ፎርም ያልመለሰ ወላጅ ሁሉ እምቢ አላለም

ይድረስ ለእንግሊዝ የጤናና ማህበራዊ እንክብካቤ ሚኒስቴር፣ በየትምህርት ቤቱ የሚሰጠውን የልጆች የፍሉ (ኢንፍሉዌንዛ) ክትባት ለምትመሩ ሁሉ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ለንደን የምኖር የሁለት ልጆች እናት ነኝ፣ የምሰራው ኬር ሆም ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ የሌሊት ሺፍት። አዛውንቶች ናቸው የምንከባከባቸው፣ ክረምት ሲመጣ አንድ ሰው ፍሉ ይዞ ከገባ ኮሪደሩ ሙሉ እንዴት እንደሚተኛ በአይኔ አይቻለሁ። ስለዚህ ይሄን ደብዳቤ የሚጽፍላችሁ ክትባት የሚጠላ ሰው እንዳይመስላችሁ፣ እኔ ራሴ በየዓመቱ እከተባለሁ፣ ልጆቼም ትምህርት ቤት ውስጥ መከተባቸው እንደኔ ላለ ሰው ትልቅ እርዳታ ነው። ከስራ አልቀርም፣ ቀጠሮ አልለምንም፣ ልጄም ከክፍል ወጥታ አዳራሽ ገብታ በሁለቱም አፍንጫዋ ትንሽ ትንሽ ተረጭቶላት ትመለሳለች፣ መርፌ የለ ለቅሶ የለ። እግዚአብሔር ይስጣችሁ እላለሁ ለዚህ።

ግን አምና የሆነውን ልንገራችሁ።

ልጁ እንዲከተብ ወላጅ የሚፈቅድበት ፎርም የመጣው በኢሜይል ነው፣ ሊንክ ነው፣ የትምህርት ቤቱ ኮድ ተጽፎበታል። እኔ ደግሞ በዛ ሳምንት አራት ሌሊት ተከታታይ ገብቼ ነበር፣ ጠዋት መጥቼ ልጆቹን አድርሼ እተኛለሁ፣ ማታ እነሳለሁ፣ ኢሜይሉን ያየሁት እሁድ ነው። ስከፍተው ጊዜው አልፏል ይላል። ትልቁ ልጄ ሌላ ትምህርት ቤት ስለሆነና ፎርሙ ቀደም ብሎ ስለመጣ እሱ ተከተበ፣ የሶስተኛ ክፍሏ ልጄ ግን ያን ቀን ከትምህርት ቤት ስትመጣ «እማዬ እኔን አልጠሩኝም፣ ስምሽ ሊስቱ ላይ የለም አሉኝ» አለችኝ። ጓደኞቿ ሁሉ ስቲከር ለጥፈዋል። ስደውል ብዙ ጠብቄ አንዲት ሴት አነሳችልኝ፣ መልካም ሴት ናት ጥፋቱ የሷ አይደለም፣ ላመለጣቸው ልጆች የተዘጋጀ ክሊኒክ አለ አለችኝ፣ ሁለት አውቶቡስ ቀይሬ፣ በስራ ቀን፣ ከሰአት። አልቻልኩም በቃ። ታህሳስ ላይ ልጄ ታመመች፣ አምስት ቀን ትኩሳቱ አልወርድ ብሎ ስንገላታ ከረምን፣ ሶስት ሺፍት ቀረሁ፣ ያልገባሁበት ደግሞ አይከፈለኝም። ፍሉ ይሁን ሌላ ማንም አልመረመራትም። የኔ ፍርሃት ግን እኔም ይዞኝ ለነዛ ዘጠና ዓመት ለሞላቸው ሽማግሌዎች እንዳላደርስባቸው ነበር።

አሁን እናንተ ጋ ባለው መዝገብ ልጄ ምን ተብላ እንደተቆጠረች እጠይቃለሁ። ፎርም ያልተመለሰላት? ወይስ እናቷ እምቢ ያለች? እኔ እምቢ አላልኩም። ማንም አልጠየቀኝም፣ አንድ ሊንክ ነው የተላከልኝ።

ሁለተኛው ጉዳይ የጎረቤቴ ነው፣ ይሄ ነው ከሁሉ የሚያንገበግበኝ። እሷ የወሎ ልጅ ናት፣ ሙስሊም፣ ፎርሙን በሰአቱ ከፍታ ልጇ እየተረጎመላት አነበበችው። አፍንጫ ውስጥ የሚረጨው ክትባት ከአሳማ የተሰራ ጄላቲን አለበት ይላል፣ መድሃኒቱ እንዳይበላሽ የሚያደርግ ነገር ነው። እሷም አልፈልግም የሚለውን ነካችና ላከችው። ጄላቲን የሌለበት መርፌ እንዳለና ለሃይማኖቱ ሲል የሚረጨውን ለማይቀበል ወላጅ መጠየቅ እንደሚቻል የነገራት የለም። ይሄ መርፌ ደግሞ አዲስ ነገር አይደለም፣ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ እንደዚህ ላሉ ልጆች ተፈቅዷል። ለሷ ግን የነገርኳት እኔ ነኝ፣ ደረጃ ላይ፣ ቆሻሻ ልንጥል ስንወርድ። «ታዲያ ይሄን ማን አወቀ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

እባካችሁ ይሄን ደግሞ አስቡበት፣ ጄላቲን የሙስሊሞች ጥያቄ ብቻ ተደርጎ ነው የሚወራው። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ። እኛም አሳማ አንበላም። በኛ ቤተክርስቲያን ግቢ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ብትቆሙ ይሄንኑ ጥያቄ ነው የምትሰሙት፣ አንዳንዱ መድሃኒት እኮ ምግብ አይደለም፣ አፍንጫ ነው፣ ምንም የለውም ይላል፣ እኔም ልጆቼን በዚህ ነው ያስከተብኳቸው፣ አንዳንዱ ግን ልቡ አይቀበልም። ሙስሊሞቹም መካከል እንዲሁ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1995 ከመቶ በላይ የሚሆኑ የሃይማኖት ሊቃውንት ተሰብስበው ጄላቲኑ ባህሪው ስለሚለወጥ ይፈቀዳል ብለዋል፣ ሌሎች ደግሞ አይስማሙም። ይሄን የሚወስነው እያንዳንዱ ቤተሰብ ነው። የእናንተ ስራ ሁለቱንም በር ከፍታችሁ ማሳየት ነው፣ እሺ፣ አይ፣ መርፌ ይሁንልኝ የሚሉት ሶስቱ ምርጫዎች አንድ ገጽ ላይ፣ እኩል ትልቅ ሆነው ይጻፉ። መርፌውንም ነርሷ ያን ቀን ይዛ ትምጣ፣ ሌላ ቀን ሌላ ቦታ ተብሎ ከተቀጠረ ያው እንደኔ ሁለት አውቶቡስ ነው።

ስለ ቋንቋም ልንገራችሁ፣ አስተርጓሚ ስትቀጥሩ ይጠቅማችኋል። እኛ ጉንፋን የምንለው ነገር አፍንጫ ሲፈስም ጉንፋን ነው፣ ሰው አልጋ ላይ ሲጥልም ጉንፋን ነው። ስለዚህ «የጉንፋን ክትባት» ብላችሁ ብትተረጉሙት እናቶች ይስቃሉ፣ ለጉንፋንማ ዝንጅብል በነጭ ሽንኩርት፣ ዳማከሴ ጨምቆ ማጠጣት፣ ላብ እስኪወጣ መሸፈን፣ ለዚህ ደግሞ ክትባት? ትላለች እናቴ እንኳን በስልክ። ግን ኢንፍሉዌንዛ በሉት፣ ከዛ በ1911 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር አዲስ አበባን ያጠቃውን የኅዳር በሽታ ያመጣው የዚህ ዘር ነው በሏት፣ ወዲያው ይገባታል። ዛሬም ኅዳር 12 ቀን በየሰፈሩ ቆሻሻ ተጠርጎ ሲቃጠል፣ ኅዳር ሲታጠን የምንለው፣ የዛ በሽታ ትዝታ ነው። ያንን ጭስ እያየን ያደግን ሰዎች ነን፣ ፍሉ ምን እንደሆነ አናውቅም አይባልም፣ ስሙን ነው የማናውቀው።

ሌላው የሚያደናግረን በየዓመቱ መሆኑ ነው። አገር ቤት የልጅ ክትባት ካርድ ላይ ይመዘገባል ያልቃል፣ እዚህ ግን «አምና ተከትቧል እኮ» ይሉኛል ብዙ ወላጆች። ቫይረሱ እየተለዋወጠ ስለሚሄድ ለኛ ክረምት የትኛው እንደሚገባበት የዓለም ጤና ድርጅት በየዓመቱ የካቲት ውስጥ እንደሚመርጥ፣ የሚረጨውም ህይወት ያለው ግን የተዳከመ ቫይረስ እንደሆነና በሳንባ ሙቀት ውስጥ በደንብ መራባት እንደማይችል ሁለት ዓረፍተ ነገር ቢጻፍ ግማሹ ፍርሃት ይሄዳል። ህይወት ያለው የሚለውን ቃል ብቻውን ያነበበ ሰው ልጄን ልታሳምሙብኝ ነው ቢል አልፈርድበትም።

ይሄ ሁሉ ልፋት ዋጋ እንዳለው እናንተ ከኔ በላይ ታውቃላችሁ። ፕሮግራሙ እ.ኤ.አ. በ2013 ሲጀመር አንዳንድ አካባቢዎች ላይ የአንደኛ ደረጃ ልጆች በሙሉ በሙከራ ተከትበው ነበር፣ በ2014/15 ክረምት በነዛ ቦታዎች ፍሉ መሰል ህመም ይዟቸው ጂፒ (የሰፈር ሐኪም) ጋ የሄዱ ልጆች ካልተከተቡት አካባቢዎች በ94 በመቶ ያነሱ ነበሩ፣ በሙከራው ያልተካተቱት አዋቂዎች እንኳን ከግማሽ በላይ ቀንሶላቸዋል። እኔ ይሄን ሳነብ ኬር ሆሜን ነው ያሰብኩት። የሶስተኛ ክፍል ልጅ አፍንጫ ላይ የተረጨች ጠብታ የኔን ሽማግሌዎች ትጠብቃለች ማለት እኮ ነው። ታዲያ የልጄ ስም ሊስቱ ላይ ያልነበረው ጉዳቱ የሷ ብቻ ነው?

የምጠይቀው ብዙ ገንዘብ የሚፈልግ አይመስለኝም። ፎርሙ ከኢሜይል ሌላ በወረቀት በልጁ ቦርሳ ይምጣ፣ የሌሊት ሰራተኛ ቦርሳ ታያለች። መልስ ያልመጣለት ወላጅ አንድ የስልክ ጥሪ ወይም በቋንቋው አጭር ቴክስት ይድረሰው፣ ነርሶቹ ከመምጣታቸው በፊት። ያን ቀን ጠዋት በር ላይ ልጁን ያደረሰ ወላጅ እዛው ፈርሞ ማስከተብ ይቻል። ካመለጠ ደግሞ ቡድኑ ወደዛው ትምህርት ቤት ሁለተኛ ጊዜ ይመለስ፣ እኛ ወደ ክሊኒክ ከምንሄድ። ልጆቻችን አስተርጓሚያችን መሆናቸውም ይቅር፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ጄላቲን ምን እንደሆነ ለእናቱ ማስረዳት የለበትም።

መስከረም ደግሞ ሩቅ አይደለም። የአማርኛውን ጽሁፍ ከማተማችሁ በፊት እናቶች አንብበው ይገባል አይገባም እንዲሏችሁ ከፈለጋችሁ፣ እኔና ጎረቤቴ አለን፣ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ደግሞ ሌሎችንም እጠራላችኋለሁ። ፎርሙን ብቻ ይዛችሁ ኑ።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት የለንደን እናት