«ፎርማት ይደረግ» ከመባሉ በፊት

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

በደብረ ብርሃንም ይሁን በሸዋ ሮቢት፣ አልነሳ ያለ ኮምፒውተር ተሸክሞ ጥገና ቤት የገባ ሰው ቶሎ የሚሰማው መልስ «ፎርማት ይደረግ» የሚል ነው። ፎርማት ማለት ዲስኩን ጠርጎ ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን ነው፤ ለጠጋኙ ይቀለዋል። ለባለቤቱ ግን የልጁ የክርስትና ፎቶ፣ የመመረቂያ ጽሑፉ፣ የዕድሩ መዝገብ አብሮ ሊሄድ ይችላል። እኛም የምንተዳደረው በዚሁ ሙያ ነው፤ ሆኖም ብዙው ብልሽት ዊንዶውስ ራሱ ይዞት በሚመጣው መሣሪያ፣ እቤት ውስጥ፣ ፋይል ሳይነካ ይስተካከላል።

ለእኛ አካባቢ ዋናው ጠንቅ የመብራቱ መሄድና መምጣት ነው። ዊንዶውስ የሚጽፈውን ሁሉ ወዲያው ዲስክ ላይ አያሰፍርም፤ ከፊሉን ለጊዜው ሜሞሪ ላይ ያቆየዋል። በዚያ መሀል መብራቱ ድርግም ካለ ግማሹ ተጽፎ ግማሹ ይቀራል። አፕዴት እየተጫነ ከነበረ ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል። ስታቢላይዘር የመብራቱን ከፍና ዝቅ ማለት ያስተካክላል እንጂ መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን አያቆይም፤ ያ ባትሪ ያለው የዩፒኤስ ሥራ ነው። ሁለቱን አንድ አድርጎ የሚያይ ሰው ብዙ ነው።

አንዳንዱ ጭራሽ ብልሽት አይደለም። ዴስክቶፑ በተከፈተ ቁጥር ቀኑ ወደ ኋላ ተመልሶ ኢንተርኔቱም «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» እያለ ገጾችን የሚከለክል ከሆነ፣ ቫይረስ ሳይሆን ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ባለ 3 ቮልት ክብ ባትሪ አልቃ ነው፤ ቁጥሯ ሲ አር 2032 ነው። መብራቱን ፈርቶ ማታ ማታ ሶኬት የሚነቅል ሰው ይህችን ባትሪ ቶሎ ይጨርሳል፤ ሶኬቱ ሲነቀል ሰዓቱን የምታቆየው እሷ ብቻ ናትና። እየሠራ ሳለ በራሱ የሚጠፋ ላፕቶፕ ደግሞ መጀመሪያ አቧራው ይታይ። ቆላ ላይ፣ በሮቢት ሙቀት፣ በማራገቢያው በኩል ያለው የአየር መውጫ በአቧራ ከተደፈነ ማሽኑ ራሱን ለማዳን ይጠፋል። የዴስክቶፑን መተንፈሻ በዳንቴል መሸፈንም ያው ነው፤ ዳንቴሉ ለቴሌቪዥኑ ይቅር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ኮምፒውተሩ አርማውን አሳይቶ ከዚያ አላልፍ ካለ፣ አርማው ሲታይ የማብሪያ ቁልፉን እስኪጠፋ ድረስ፣ 10 ሰከንድ ያህል፣ ተጭኖ መያዝ። ይህን ሁለት ሦስት ጊዜ ሲደጋግሙት ዊንዶውስ መነሳት እንዳቃተው ተረድቶ ሰማያዊውን የጥገና ገጽ ራሱ ያመጣዋል። የይለፍ ቃል እስከሚጠይቀው ገጽ የሚደርስ ከሆነ ግን ማስገደድ አያስፈልግም፤ የሺፍት ቁልፍን እንደያዙ ‹ሪስታርት› ማለት ይበቃል። ከዚያ ‹ትራብልሹት›፣ ቀጥሎ ‹አድቫንስድ ኦፕሽንስ›። ከማይክሮሶፍት አካውንት ጋር የተያያዙ አዳዲስ ላፕቶፖች ዲስካቸው የተቆለፈ ሊሆን ስለሚችል እዚህ ላይ ባለ 48 አኃዝ የቢትሎከር ቁልፍ ሊጠይቁ ይችላሉ። ቁልፉ ብዙ ጊዜ እዚያው አካውንት ውስጥ ተቀምጦ ይገኛል። አካውንቱን ጥገና ቤት ከፍቶ ይለፍ ቃሉን የረሳ ሰው እዚህ ላይ ይቸገራል።

ብዙ ሰው እዚህ ሲደርስ ቸኩሎ ጥገናውን ይጀምራል። እኛ ፋይሉ አስቀድሞ ይውጣ እንላለን። ‹ኮማንድ ፕሮምፕት› የሚለውን ከፍቶ ‹ኖትፓድ› ብሎ በእንግሊዝኛ መጻፍ፤ ጽሑፍ መጻፊያዋ ትንሽ ፕሮግራም ትከፈታለች። ‹ፋይል› ከዚያ ‹ኦፕን› ሲባል የሚመጣው ሳጥን፣ ከታች ‹ኦል ፋይልስ› ከተመረጠ፣ ዲስኩን በሙሉ ያሳያል። የሚፈለገውን ማህደር በቀኝ ክሊክ ኮፒ አድርጎ ፍላሹ ላይ ፔስት ማድረግ ነው። ሦስት ነገር ልብ ይባል። አንደኛ፣ እዚህ ገጽ ላይ የዲስክ ፊደሎች ሊዛወሩ ይችላሉ፤ ሁልጊዜ ሲ የነበረው ዲ ሆኖ ቢገኝ አያስደንግጥ። ኤክስ የሚለው ግን የጥገናው ገጽ የራሱ ጊዜያዊ ቦታ ስለሆነ እዚያ የተገለበጠ ሁሉ ኮምፒውተሩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ሁለተኛ፣ ኮፒው ምን ያህል እንደሄደ የሚያሳይ ነገር የለም፤ መስኮቱ የደነዘዘ ይመስላል፤ መተው ነው፣ ይጨርሳል። ሦስተኛ፣ ፋት 32 በተባለው የፋይል አሰፋፈር የተዘጋጀ ፍላሽ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም፤ የሠርግ ቪዲዮ አልገባ የሚለው ስለዚህ ነው።

ፋይሉ ከወጣ በኋላ ‹ስታርታፕ ሪፔር›ን መሞከር፤ ካልሆነ ‹አንኢንስቶል አፕዴትስ›። ከዚያ ‹ሲስተም ሪስቶር› አለ፤ ሰነድና ፎቶ ሳይነካ ሲስተሙን ወደ ደህናው ቀን ይመልሳል፤ ከዚያ ቀን በኋላ የተጫነ ፕሮግራም ግን ይወጣል። ብዙ ማሽን ላይ ተዘግቶ ስለሚገኝ የሚመለስበት ቀን ዝርዝር ባዶ ይሆናል። ኮምፒውተሩ ደህና ሳለ ከፍቶ ከዲስኩ 5 በመቶ ያህል መመደብ ይበቃው ነበር።

ዊንዶውሱ ተነስቶ የሚንቀራፈፍ ወይም ፕሮግራም የሚዘጋበት ከሆነ፣ ኮማንድ ፕሮምፕትን በአድሚኒስትሬተር ከፍቶ ኤስ ኤፍ ሲ፣ አንድ ክፍተት፣ ስላሽ፣ ከስላሹ ጋር አጣብቆ ስካንናው ብሎ በእንግሊዝኛ መጻፍ። የተበላሹ የሲስተም ፋይሎችን እየፈለገ በደህናው ይተካል። «አግኝቻለሁ ግን ሁሉንም መጠገን አልቻልኩም» የሚል መልስ ከሰጠ፣ መተኪያው ራሱ ተበላሽቷል ማለት ነው። ያኔ ዲ አይ ኤስ ኤም፣ ክፍተት፣ ስላሽ ኦንላይን፣ ክፍተት፣ ስላሽ ክሊንአፕ ሰረዝ ኢሜጅ፣ ክፍተት፣ ስላሽ ሪስቶርሄልዝ። ይኼኛው ደህናውን ቅጂ ከኢንተርኔት ስለሚያመጣ ኔትወርክ ይፈልጋል። መቶኛው አንድ ቦታ ላይ ረጅም ጊዜ ቢቆምም አይዘጋ። ሲጨርስ የመጀመሪያውን ትዕዛዝ መድገም ነው፤ ይህን ረስቶ «አልሠራም» የሚል ብዙ ነው።

ዲስክ መፈተሻው ሲ ኤች ኬ ዲ ኤስ ኬ ነው። ስላሽ ኤፍ ሲታከልበት የፋይል አሰፋፈሩን ያስተካክላል፤ ስላሽ አር ደግሞ የዲስኩን ገጽ ሁሉ እያነበበ የተጎዳውን ቦታ ይፈልጋል፣ ሰዓታትም ይወስዳል። ቀጭ ቀጭ የሚል ሀርድ ዲስክ ላይ ስላሽ አርን ማስኬድ ግን የደከመ በሬ ላይ ጭነት መጨመር ነው፤ ያቺን የቀረችውን ዕድሜ ለፋይል ማውጫ ማዋል ይሻላል። ሥራውም መብራት በሚቆራረጥበት ሰዓት አይጀመር።

ሁሉም እምቢ ሲል የመጨረሻው ዊንዶውስን እንደ አዲስ የሚጭነው ‹ሪሴት ዚስ ፒሲ› ነው፤ ‹ኪፕ ማይ ፋይልስ› የሚለው ይመረጥ። ከዚያ ከኢንተርኔት ላውርድ ወይስ ከራሱ ከማሽኑ ልጫን ብሎ ይጠይቃል። የመጀመሪያው 4 ጊጋባይት ያህል ስለሚያወርድ መሐል ሜዳ ወይም አንኮበር ላይ ላለ ሰው በሞባይል ዳታ የሚሞከር አይደለም፤ ‹ሎካል ሪኢንስቶል› ይበቃል። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ቢያበቃም እነዚህ መሣሪያዎች አብረውት ስላሉ ይሠራሉ።

ሪሴት ሰነዱን ቢያስቀርም ፕሮግራሞችንና ኋላ የተጫኑ ፎንቶችን፣ ማለትም የፊደል ቅርጾችን፣ ያጠፋል። ቪዥዋል ግዕዝ በተባለው የአማርኛ መጻፊያ የተጻፈ የቆየ የማኅበር ቃለ ጉባኤ ከሪሴት በኋላ ሲከፈት የማይነበብ የምልክት ዝብርቅ ሆኖ ይታያል፤ ባለቤቱም «ፋይሉ ተበላሸ» ብሎ ይጥለዋል። ፋይሉ ደህና ነው፤ የጎደለው ፎንቱ ነው። ስለዚህ ከሪሴት በፊት፣ ቅድም በተባለው የኖትፓድ ዘዴ፣ በዊንዶውስ ማህደር ውስጥ ያለውን ‹ፎንትስ› የተባለ ማህደር ፍላሽ ላይ መገልበጥ፤ በኋላ የግዕዞቹን መርጦ በቀኝ ክሊክ ‹ኢንስቶል› ማለት ነው። ማሽኑ ለጠጋኝ የሚሰጥ ከሆነም ይህንኑ አስቀድሞ መጠየቅ ነው፦ «ፎንቶቹን ገልብጠሃል ወይ?»

ከአክብሮት ጋር
የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያዎች
ደብረ ብርሃን፣ ሰሜን ሸዋ